የጌም ኮንሶል ገዢን ማን ያውቀዋል? በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማራኪ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። አራት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ኮንሶል (ሁለቱ ምንጊዜም ጥገና ላይ ናቸው)፣ ግድግዳው ላይ የፋሲል ከነማ ማሊያ፣ በሩ ላይ ደግሞ «ተሸናፊ ከፋይ» የሚል ጽሑፍ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለመጫወት አይደለም። ሊገዛ ያሰበ፣ ገዝቶ የተቆጨ፣ ከውጭ አገር ዕቃ የተላከለት ሁሉ ጎራ ይላል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እነዚህ ኩባንያዎች ገዢውን ያውቁታል ወይስ ያሞኙታል የሚል ነው። ስመልስ የኖርሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያውቅ ገዢና የማያውቅ ገዢ ሲባል ማን ማን ነው?

የሚያውቀው ከመግዛቱ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ የከረመው ነው። የትኛው ጌም በየትኛው ኮንሶል እንደሚሠራ፣ ሃርድ ዲስኩ ስንት እንደሚይዝ፣ በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚወጣ በቃሉ ይነግራችኋል። የማያውቀው ደግሞ «አንደኛ ከወጣህ እገዛልሃለሁ» ብሎ ቃል የገባና ልጁ አንደኛ ወጥቶበት ፒያሳ የተገኘ አባት ነው።

የማያውቅ ማለት ግን ሞኝ ማለት አይደለም። አንዲት እናት ለጥምቀት ሰሞን ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። ልጁ ስለ ሥዕል ጥራትና ስለ ፍጥነት ሳያቋርጥ ያወራል። እርሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ልጄ፣ ይህ ነገር ሲበላሽ የሚሠራው ሰው እዚህ አለ?» አሉኝ። ቪዲዮ ሲያዩ ከሚከርሙት ወጣቶች አንዱም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

ኩባንያዎቹ ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ ያውቁታል?

የሚጮኸውን። የሚያውቅ ገዢ ሲከፋው ይጽፋል፣ ይሳደባል፣ ሌላውን ያሳድማል። በዚያ ላይ ኮንሶሉ ከኢንተርኔት ጋር አንዴ ከተገናኘ የትኛውን ጌም ስንት ሰዓት እንደተጫወተ፣ ምን እንደገዛ፣ የቱ ላይ ሰልችቶት እንደተወው ይመዘገባል። ፕሌይስቴሽን ላይ ጌሙ ውስጥ አንድ ነገር ሲሳካ የምትሰጠው እያንዳንዷ ዋንጫ ለልጁ ጌጥ ናት፤ ለኩባንያው ግን ስንቱ ሰው ጌሙን እስከ መጨረሻው እንደዘለቀ የምትናገር ምስክር ናት።

ይህ ሁሉ መዝገብ ታዲያ የተጫዋቹ ነው። ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ እርሱ ጆይስቲክ ነክቶ ስለማያውቅ መዝገቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ ተጫዋቹን ያውቁታል፣ ከፋዩን ይገምቱታል። ትልልቅ ስሕተቶቻቸው የተፈጠሩት በዚህ ክፍተት ይመስለኛል።

የማያውቀውን ገዢ በምን ይይዙታል?

በቁጥርና በካርቶን። በ1990ዎቹ ቁጥሩ «ቢት» ነበር፤ 8 ቢት፣ 16 ቢት እየተባለ ልጆች ይፎካከሩበት ነበር። አታሪ በ1993 ጃጓር የተባለውን ኮንሶል ይዞ ሲመጣ 64 ቢት ነው ብሎ ገዢውን «ሒሳቡን ሥራ» አለው። ገዢው ሒሳቡን ሠራ፤ የሚጫወተው በቂ ጌም እንደሌለም አየና ትቶት ሄደ። በ2020 ደግሞ ቁጥሩ ቴራፍሎፕስ የሚባል የስሌት ፍጥነት መለኪያ ሆነ፤ ኤክስቦክስ ሲሪየስ ኤክስ 12፣ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 10.28 ተባለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንድ ዓይነት ኳስ ጌም ብትከፍቱ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ዳኛ ያስፈልጋችኋል።

የፕሌይስቴሽን 5 ካርቶን ለዓመታት «8ኬ» የሚል ምልክት ነበረበት። በዚያ ጥራት የሚታይ ጌም ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነበር፤ 8ኬ ቴሌቪዥንማ እኔ ጎንደር ውስጥ በዓይኔ አላየሁም። በ2024 ምልክቱ ከካርቶኑ ላይ ተነሣ። የሚያውቀው ገዢ መጀመሪያውኑም አላመነውም። የማያውቀው ገዝቶ ወደ ቤቱ ከገባ ቆይቷል።

ስምም እንደ ቁጥር ያገለግላል። በዚህ በኩል የፕሌይስቴሽኑን አምራች ሶኒን አደንቃለሁ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት 5 ከ4 እንደሚበልጥ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋትም። ማይክሮሶፍት ግን ከኤክስቦክስ ተነሥቶ ወደ 360 ዘለለ፣ ከ360 ወደ ዋን ተመለሰ፣ ከዚያ ዋን ኤስ፣ ዋን ኤክስ፣ ሲሪየስ ኤስ፣ ሲሪየስ ኤክስ። በመስከረም 2020 የሲሪየስ ኤክስ ቅድመ ሽያጭ በተከፈተ ዕለት አሮጌው ዋን ኤክስ አማዞን ላይ በሽያጭ ደረጃው ሽቅብ ተተኮሰ። ብዙ ሰው ተሳስቶ እንዳዘዘ የዚያን ጊዜ በሰፊው ተገምቷል፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ምክንያት አይታየኝም። እስቲ በስልክ ለአክስታችሁ «ዋን ኤክስ ሳይሆን ሲሪየስ ኤክስ» ብላችሁ አስረዱ።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው ተሳስተው ያውቃሉ?

በደንብ አድርገው። ሁለቱን ልንገራችሁ፤ አንደኛው ዝምተኛውን ገዢ ከሚገባው በላይ ያውቃል ብሎ በመገመት፣ ሌላው ጯኺውን በመናቅ የመጣ ነው።

ኔንቴንዶ በ2006 ዊ የተባለውን ኮንሶል ያወጣው ጌም ነክቶ ለማያውቅ ሰው ነበር። ዋጋው 250 ዶላር ገደማ ሲሆን በዚያው ወቅት የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ግን እንደ ዓይነቱ 500 እና 600 ዶላር ይጠየቅበት ነበር። ዊን ለመጫወት ቴኒስ እንደሚመታ ሰው እጅን መወንጨፍ ይበቃል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከስድስት ዓመት በኋላ ተተኪው መጣና ስሙን ዊ ዩ አሉት። እጅ ላይ የሚያዝ ባለ ስክሪን ሰሌዳ ነበረው፤ ማስታወቂያው ሁሉ እርሱን ያሳይ ነበር። ብዙ ወላጅ «ዊ ቤታችን አለ፤ ይህ ሰሌዳ የእርሱ መለዋወጫ ነው» ብሎ አለፈው። የሚያውቁት አዲስ ኮንሶል መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር፤ የኩባንያው ሰዎችም ስለሚያውቁ ሌላውም የሚያውቅ መሰላቸው። 13.56 ሚሊዮን ላይ ቆመ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ራሳቸው የሁለቱ ልዩነት ለገዢው በበቂ ሁኔታ እንዳልተነገረ አምነዋል።

ቀጥሎ በ2017 የመጣው ስዊች ከዚህ የተማረ ነው። ማስታወቂያው ላይ አንድ ሰው ቤቱ እየተጫወተ ሳለ ኮንሶሉን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ይዞት ይወጣል። ቃል አያስፈልግም። ከ150 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። (ኋላ ላይ የወጣው ስዊች ላይት ግን ከቴሌቪዥን ጋር አይገናኝም። ርካሽ ነው ብላችሁ ለጌም ቤት እንዳትገዙት።)

ሁለተኛው የ2013ቱ ኤክስቦክስ ዋን ነው። ሲተዋወቅ በየ24 ሰዓቱ አንዴ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ግዴታው ነው፣ ሲዲ መዋዋስና ያገለገለ ሲዲ መሸጥም ገደብ አለበት ተባለ። ዋጋው 499 ዶላር። በሰኔ ወር ሶኒ 399 ዶላር ብሎ ቀረበና ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሲዲ እንዴት ለጓደኛ እንደሚሰጥ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። አንዱ ሲዲውን ይዘረጋል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አለቀ። የሚያውቁት ገዢዎች አገር ምድሩን በጩኸት ቀወጡት፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ወር ሐሳቡን ቀየረ። በሚቀጥለው ዓመትም አብሮት ይሸጥ የነበረውን ካሜራ ቀንሶ ዋጋውን 399 አደረገ። ዘግይቶ ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 ከ117 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ማይክሮሶፍት ከ2015 ጀምሮ ስንት ኮንሶል እንደሸጠ መናገሩን ተወ።

በዚያ ሰኔ የጮኹት ሰዎች ጎንደርን በካርታ ላይ አያውቋትም። ነገር ግን የጮኹት ለእኛም ነው። እኔ ዘንድ አንድ ሲዲ በሳምንት በአምስት ልጅ እጅ ይዞራል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በሚያውቅበት ክልል በየ24 ሰዓቱ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ስለ ጎንደር ገዢስ ምን ያውቃሉ?

ምንም ለማለት ምንም አልቀረው። የፕሌይስቴሽን አካውንት ስትከፍቱ አገር ምረጡ ይላችኋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ልጆቻችን አሜሪካ ብለው ይመዘገባሉ፤ የአድራሻ ከተማውንም እንደ ፍላጎታቸው ይሞላሉ። ስለዚህ አንድ የማራኪ ልጅ በኩባንያው መዝገብ ላይ ምናልባት የቺካጎ ነዋሪ ነው።

ያ እንኳን ኢንተርኔት ያገኘው ነው። ብዙው ኮንሶል ከነአካቴው አይገናኝም። ሲስተሙ ተከፍቶ፣ ማለትም የኩባንያው መከላከያ ተሰብሮ፣ ያልተከፈለባቸው ጌሞች ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭነውበት ይሸጣል። በዚህ ገበያ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ሲቀርብ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው የሲስተሙ ስሪት ቁጥር ነው፤ ያልታደሰው ለመክፈት ስለሚመች ከታደሰው ይወደዳል። ኩባንያው «ለእርስዎ ጥቅም ያድሱ» እያለ የሚለምንበትን ነገር የእኛ ሻጭ «እንዳትነካው!» ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ይለጥፍበታል። ስርቆቱን ትክክል ነው አልልም። አንድ አዲስ ጌም በ70 ዶላር ሊሸጥ እንደሚችል፣ ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ፣ ቢኖራችሁም የምትከፍሉበት ካርድ እንደሌላችሁ ግን አብራችሁ አስሉ።

እዚህ ገዢውን የሚያውቀው ባለሱቁ ነው። አባትየው ምን ያህል ይዞ እንደመጣ ከአረማመዱ ይለያል።

ኮንሶሉን በትንሽ ትርፍ ወይም በኪሳራ ይሸጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ፕሌይስቴሽን 3 በዚያ ሁሉ ዋጋው እንኳን ሲወጣ በኪሳራ ይሸጥ ነበር። ትርፉ ከጌሙ ነው፤ ሌሎች አምራቾች በኩባንያው መደብር ከሚሸጡት እያንዳንዱ ጌም በተለምዶ 30 በመቶ ገደማ ይወስዳል። እግር ኳስ ጌም ብቻ ገዝቶ ሦስት ዓመት የሚጫወት ሰው ለእነርሱ መጥፎ ደንበኛ ነው። ለእኔ ግን ምርጥ ደንበኛ ነው።

በየዓመቱ አዲስ የኳስ ጌም መግዛት ያስፈልጋል?

እንደ ኮንሶሉ ነው፤ የሚያውቅና የማያውቅ ገዢ በግልጽ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ፊፋ ለፕሌይስቴሽን 2 ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው ፊፋ 14 ነው፤ ለፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ፊፋ 19። ከዚያ በኋላ ለእነዚህ ኮንሶሎች «የዘንድሮ» እየተባለ የሚሸጥላችሁ ስሙና ማሊያው በሌላ ሰው የተቀየረ አሮጌ ጌም ነው።

ይህን የሚያደርጉት የሰፈር ልጆች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ለስዊች ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ድረስ በየዓመቱ የወጣው «ሌጋሲ ኤዲሽን» ይባላል። አሠላለፉና ማሊያው ታድሷል፤ አጨዋወቱ ግን የቀድሞው ነው። ኩባንያው አልዋሸም፤ ሌጋሲ የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ ታትሟል። የሚያውቅ ገዢ ቃሉን አይቶ ይተወዋል። አያት ግን የሚያዩት የተጫዋቹን ፎቶና የዓመቱን ቁጥር ነው። ይህ ለእኔ ማን እንደሚያነብና ማን እንደማያነብ በትክክል የተሰላበት ሥራ ነው። ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኤፍሲ ሆኗል፤ ፊፋ 25 የሚል ሲዲ ካያችሁ ሻጩን በቀስታ ተሰናበቱት።

ያገለገለ ልግዛ ወይስ አዲስ?

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፈው ነበር፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ናቸው። ነገሩ አጭር ነው። ሻጩ የመኪናውን ጤንነት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። የጥሩ መኪና ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይሄዳል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ብልሹው ነው። አራዳ ላይ ያገለገለ ኮንሶል ስታዩ ይህን አስታውሱ። ንጹሑን ባለቤቱ ለዘመዱ ሸጦታል፤ ደላላ እጅ የገባው ሁለት ጊዜ ተፈትቶ የተገጠመው ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ መፈተሽ ነው። ሲዲ ሦስት ጊዜ አስገብታችሁ አውጡ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ተመልከቱ። ከሁሉ በላይ አንድ ጨዋታ ሙሉውን፣ ሁለቱንም ግማሽ፣ ተጫወቱ፤ የሚግለው ኮንሶል ራሱን የሚያጋልጠው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ሻጩ «መብራት የለም፣ ነገ እናየዋለን» ካለ ገንዘቡም ነገ ይሁን።

ያላወቀ ገዢ ከተታለለ በኋላ ምን ይሆናል?

እባብ ያየ በልጥ ይደነብራል። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ የወደቀው በከፊል በዚህ ነው። መደርደሪያው በማይረባ ጌም ተሞላ፤ ወላጅ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አልቻለም፤ ደጋግሞ ከከሰረ በኋላ ሁሉንም ተወው። ኔንቴንዶ በ1985 ወደዚያ ገበያ ሲገባ ካርቶኑ ላይ የጥራት ማኅተም አተመ፣ ያልተፈቀደ ጌም የሚከለክል ቺፕ ኮንሶሉ ውስጥ ገጠመ። ማኅተሙ ጌሙ ያስደስታል ማለት አልነበረም፤ ለፈራ ወላጅ ግን የሚይዘው ነገር ሰጠው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ማኅተም የለም። «ፖሊስቴሽን» የሚባለው ዕቃ ከውጭ ሲታይ ቁርጥ ፕሌይስቴሽን ነው፤ ክዳኑን ስታነሡት ግን የ1980ዎቹ የካሴት ጌም ነው። አንዴ ይህን የገዛ አባት ሁለተኛ ሱቅ አይገባም፤ ልጁም እኔ ዘንድ ይመጣል።

ከአሜሪካ ቢላክልኝ እዚህ ይሠራል?

ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የእኛ 220 አይጎዳቸውም። ገመዱ ጠፍጣፋ ጥርስ ከሆነም ባለ ሁለት ቀዳዳው የቴፕ ገመድ ለፕሌይስቴሽን 5 ይገጥማል። አደጋው አሮጌዎቹ ላይ ነው። አንድ ጋሼ ከአዘዞ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው የእኅታቸው ልጅ የላከላቸውን አሮጌ ኮንሶል አመጡልኝ። «ሰካነው፣ ጧ አለ፣ ከዚያ ሸተተ» አሉኝ። ገልብጬ ሆዱን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤ ከጤፍ በማይበልጥ ፊደል 120 ቮልት ይላል። መነጽራቸውን አውጥተው አዩና «ልጄ፣ ይህን እኮ ለማንበብ መጀመሪያ መቃጠል አለበት» አሉ።

ታዲያ ለሚልክልኝ ዘመድ ምን ብዬ ልንገረው?

«ፕሌይስቴሽን 5» ብቻ አትበሉት፤ «ሲዲ ማስገቢያ ያለው» ብላችሁ ጨምሩ። ባለፈው አንድ ልጅ ለወንድሙ የመጀመሪያውን ብቻ ነገረው። ዕቃው እስኪደርስ ቸኩሎ አምስት ሲዲ ገዝቶ ጠበቀ። የመጣለት የ2020ው ያለ ሲዲ የሚሠራው ነው፤ ወንድሙ በ100 ዶላር ስለሚረክስ ነው የመረጠው። ከ2023 ወዲህ የወጣው ቀጭኑ ቢሆን ማስገቢያውን ለብቻ ገዝቶ መግጠም ይቻል ነበር፤ ለዚህኛው ግን መግጠሚያ የለውም። አምስቱ ሲዲዎች አሁን እኔ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከፍሎ ይጫወትባቸዋል።